እንደቆመ የገዛሁት ቤት

እኔ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። እስቴ የመጣሁት አግብቼ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ እስቴ ከተማ ወደ መካነ ኢየሱስ በአውቶቡስ ሲመጡ እንቅልፍ እንኳ ሳይጠግቡ ይደረሳል፤ አማርኛውም ያው አማርኛ ነው። ስለዚህ «ይሄ ነገር አልገባኝም» ብዬ ማንንም ጠይቄ አላውቅም ነበር። ታዲያ አንዲት ቃል፣ ያቺውም ሕፃን ልጅ ሁሉ የሚያውቃት ቃል፣ ሦስት ልጆቼን እንደያዝኩ ሜዳ ላይ ልታስቀረኝ ምንም አልቀራት። የደረሰብኝን ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተወው።

በዚያን ጊዜ የምንኖረው መካነ ኢየሱስ ገበያው ዳር ተከራይተን ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ አዱኛ ስማዳ ወረዳ፣ ወገዳ ከተማ መምህር ነው፤ ቤቱ የሚመጣው በዓል ሲሆንና ወር ሲያልቅ ነው። ልጆቻችን ቤዛ፣ ናትናኤልና ማኅደር ይባላሉ። ቤዛ ትምህርት ቤት የገባች፣ ናትናኤል ፊደል የጀመረ፣ ማኅደር ደግሞ እግር ካወጣች ጀምሮ ቁጭ ብላ የማታውቅ ናት። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ልጅ፣ አንድ አልጋ፣ አንድ የስፌት መኪና። ልጆቹ ትንሽ ከሮጡ አከራያችን ከማዶው ክፍል ግድግዳውን ይደበድባሉ።

አንድ ቀን በሬ ላይ መጥተው «ልጆችሽ ዝም ብለው አያውቁም እንዴ?» አሉኝ።

«ዝም የሚል ልጅ የሚወዱ ከሆነ ፎቶ ግድግዳ ላይ ይስቀሉ» አልኳቸው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በማግስቱ ቤት እንድፈልግ ተነገረኝ። ሌላ ተከራይም ተገኘ፤ ልጅ የሌለው።

አማቴ እማማ ዘውዲቱ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከጅረቱ ማዶ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጓሯቸው ሰፊ ነው። ከተጋባን ጀምሮ «ኑና እዚህ ጎጆ ቀልሱ» ይሉናል፤ እኔ ደግሞ «እናስብበታለን» እያልኩ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ክፉ ሆነውብኝ አይደለም። ወጥ ሠርቼ ከቀመሱ ጨው ይጎድለዋል፤ ቀሚስ ሰፍቼ ከሰጠኋቸው ክሩ ይታያል፤ ልጅ ብወልድ እንኳ ጭንቅላቱን አዟዙረው አይተው «አንገቱ ቀጠነ» ነው የሚሉት። አንድ ቀን «ጥሩ ነው» ብለውኝ አያውቁም። ራቅ ብሎ መዋደድ ይሻላል ብዬ ነበር።

ቀሚስ ልታሳጥር የመጣች አንዲት ሴት ናት ወሬውን ያመጣችልኝ። አያ ታከለ የሚባሉ ገበሬ ቤታቸውን ሊሸጡ ነው አለችኝ። ልቤ ቀድሞኝ ሄደ። የንስሐ አባታችንን አባ ወልዴን ምስክር ይሁኑኝ ብዬ ይዣቸው ሄድኩ። ቤቱ ከከተማው ብዙም አይርቅም፤ ከጅረቱ ወዲህ ነው፤ የአማቴ ቤት ከማዶ ይታያል። ሁለት ክፍል አለው። ቆርቆሮው ገና ያብረቀርቃል። መስኮቱ ወደ ፀሐይ መውጫ ያያል። ደጁ ላይ ልጅ ቢሮጥ ቢሮጥ ግድግዳ የሚደበድብ አከራይ የለም። ያንን ደጅ ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ገዢ ደግሞ ማልቀስ የለበትም፤ ዋጋ ይጨምሩበታል።

አያ ታከለ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። «እንደቆመ ነው የምሸጥልሽ፤ አንዲት እንጨት አላነሣበትም» አሉኝ።

«እንደቆመማ ካልሆነ ምን ያደርግልኛል፤ በሩም መስኮቱም እንዳለ ነው የምፈልገው» አልኳቸው።

«እንዳለ። ለግንቦት ሚካኤል ዋዜማ እንድትደርሽ ብቻ፤ ልጄን ስለምድር ቸኩያለሁ።»

አባ ወልዴ «እንደቆመ ተባብላችኋል፤ እግዚአብሔር ይባርከው» ብለው እጃችንን አጨባበጡን። ከአዱኛ ጋር ከተጋባን ጀምሮ ያጠራቀምነው ሁሉ በዚያ ቀን ሄደ፤ እኔ ግን ስመለስ መሬት አልረገጥኩም።

ለአዱኛ ደወልኩለት። ወገዳ ኔትወርኩ አንዴ ይሰማል አንዴ ይጠፋል።

«ቤት ገዛሁ» አልኩት።

«የማንን?»

«የአያ ታከለን። እንደቆመ ሸጡልኝ።»

«እንደቆመ? ጎበዝ። የት ልታቆሚው አሰብሽ?»

የስፌት መኪናዬን መስሎኛል። ቤት ስንቀይር መጀመሪያ የምጨቃጨቀው በሷ ቦታ ነው። «መስኮቱ ሥር ነዋ፤ ብርሃን አለ» አልኩት። መስመሩ ተቋረጠ። እሱ «ይቺ ሴት ምን አለች?» እያለ ዋለ፤ እኔ «ስለ መኪናዬ ማሰቡ፣ እንዴት ያለ ባል ነው» እያልኩ ዋልኩ።

ዋዜማው ደረሰ። ጋሪ ተከራይቼ ዕቃውን ጫንኩ። ማኅደር ፍራሹ ላይ፣ ናትናኤል ድስት ታቅፎ፣ ቤዛ ደግሞ እንደ ትልቅ ሴት ከጋሪው ኋላ እየተራመደች «ያ ይወድቃል፣ ይሄ ይደፋል» ትላለች። ለአከራዬ ቁልፋቸውን አስረክቤ ስወጣ የአዲሱ ተከራይ ዕቃ ደጁ ላይ ተደርድሮ ነበር። ዞር ብዬም አላየሁ።

ስንደርስ አያ ታከለ ደጁን ጠርገው ጠበቁን። በእጃቸው ዶማ ይዘዋል። ሙሽራው ልጃቸው በለጠ ዲጂኖ ይዟል። ግድግዳው ላይ መጥረቢያ ተደግፏል። ሊቀበሉኝ ብለው የሥራ ልብስ መልበሳቸው ደስ አለኝ።

«እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። ከየት በኩል እንጀምር?» አሉኝ።

«ኧረ እርስዎ አይድከሙ፤ ዕቃው ጥቂት ነው፤ እኔና ባለ ጋሪው እናወርደዋለን።»

«ለምን ታወርጂዋለሽ? መንገዱን ይዘጋብናል። ሰዎችሽስ የታሉ?»

«የምን ሰዎች?»

«የሚያፈርሱት ነዋ።»

ሳቅሁ። ቀልደኛ ሽማግሌ አገኘሁ ብዬ ነው። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ በለጠም አልሳቀም፤ ባለ ጋሪው እንኳ በቅሎውን ትቶ እኔን ያያል።

«ምኑን ነው የሚያፈርሱት?» አልኩ።

«ቤቱን። ቤትሽን።»

«እንደቆመ አይደል እንዴ የሸጡልኝ?»

«እንደቆመ ነው የሸጥኩልሽ።»

«እንደቆመ ነው የገዛሁት።»

«ታዲያ እኔ ምን አልኩ?» አሉኝ እጃቸውን ዘርግተው።

ሁለታችንም ያንኑ ቃል እንመላለሳለን፤ አንዳችን ሌላችንን አንሰማም። በመጨረሻ በለጠ ነው ያዘነልኝ። «እታለም፣ ባሕር ዛፍ እንደቆመ ተሸጠ ሲባል ምን ማለት ነው?» አለኝ። እኔ የባሕር ዛፍ ነገር ምን አውቃለሁ? ነገረኝ። ባሕር ዛፍ እንደቆመ ከተሸጠ የገዛው ሰው በራሱ ጉልበት ቆርጦ ይወስዳል፤ መሬቱ የባለመሬቱ ነው። ቤትም እንደዚያው ነው። ገጠር ላይ መሬት አይሸጥም፤ የሚሸጠው እንጨቱና ቆርቆሮው ነው። ሻጩ ራሱ አፍርሶ ካስረከበ «ፈርሶ ተሸጠ» ይባላል፤ ማፍረሱ የገዢው ከሆነ «እንደቆመ ተሸጠ» ይባላል። እዚህ አገር ይሄን የማያውቅ ያው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቦታው ላይ በለጠ ሚስቱን የሚያስገባበት ሌላ ቤት ሊሠራ ነው። እንጨቱ ተቆርጦ ከአጥሩ ሥር ተከምሯል፤ ሳየው ማገዶ መስሎኝ ነበር።

ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ማኅደር ከጋሪው ወርዳ ቤቱ ውስጥ ገብታ ትሮጣለች፤ ናትናኤልም ተከትሏታል። ቤዛ ግን ገብቷታል። አጠገቤ ቆማ እጄን ያዘችኝ። «እማ፣ የኛ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ የምለቅመው እንኳ አልነበረኝም።

አያ ታከለ ተጨነቁ። ወደ አባ ወልዴ ሰው ላኩ፤ አባም መጡ። ቆመው ሁለታችንንም እስኪያልቅ ሰሙን። አያ ታከለ «ብሩን እንዳልመልስላት ለሰርጉ አውዬዋለሁ፤ የሰው ልጅ ሜዳ ላይ አሳድሬ ደግሞ እንዴት ሰርግ እደግሳለሁ?» አሉ። በሳቸው ተናድጄ ነበር፤ ያንን ስሰማ የምናደድበት ሰው አጣሁ፤ ያ ደግሞ ይብሳል።

አባ ወልዴ «ሁለታችሁም ያላችሁትን እኔ ምስክር ነኝ፤ የዋሸ የለም» አሉ። «እንግዲህ ቀስ ተብሎ ይፈርስና ሌላ ቦታ ይሠራላት።»

«አባቴ፣ ዛሬ ፈርሶ መቼ ይቆማል?» አሉ አያ ታከለ። «ቆርቆሮው ሲነቀል ይቀደዳል። አናጢው ሁሉ ሰርግ ላይ ነው። ጭቃው ሳይደርቅ ሰኔ ይገባል። እስከ መስከረም መጠለያ የላትም ማለት ነው።»

ከሰማይ በታች ያለችኝ ነገር ያቺ ቤት ናት፤ እሷም ከፈረሰች ክረምቱን ሙሉ ከነልጆቼ የሰው ጥግ ልለምን ነው። ያኔ ነው ንዴቴ የመጣው። እኔ ስናደድ የምናገረውን አላስብም።

ብድግ አልኩና «አላፈርስም» አልኩ። «እንደቆመ ብለውኛል። አባ ወልዴ ምስክር ናቸው። እንደቆመ ነው የገዛሁት፣ እንደቆመ ነው የምወስደው። አንዲት ማገር እንዳትነኩ።»

እልህ ነው እንጂ ሌላ አይደለም፤ ቤት በእግሩ እንደማይሄድ እኔም አውቃለሁ። የሚስቅ ሰው ጠበቅሁ። ማንም አልሳቀም። አያ ታከለ ዶማቸውን አስቀመጡ። ቤቱን አንድ ጊዜ ዞሩት። ማዕዘኑ ላይ ያለውን ቋሚ በትከሻቸው ገፋ ገፋ አደረጉት። ቀና ብለው ወራጁን አዩ።

«ይቻላል እኮ» አሉ።

አባ ወልዴም «አሁን እኔም እያሰብኩት ነበር» አሉ። «ልጅ ሆኜ የሣር ቤት በሰው ትከሻ ሲሄድ አይቻለሁ። የቆርቆሮ ግን አላየሁም።»

«ቆርቆሮ ከሣር ይቀላል» አሉ አያ ታከለ። «ጭቃውን ከግድግዳው እናራግፈዋለን። አጽሙ ከነጣሪያው ይቀራል። አጣና አግድም እናስርበትና እናነሣዋለን። ግን የት ነው የምትወስጂው?»

መሬት የለኝማ። ሁሉም ግን ወደ አንድ በኩል ያያል፤ ወደ ጅረቱ። ዞር ስል እማማ ዘውዲቱ በትራቸውን እየወጉ ዳገቱን እየወጡ ነው። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ተጠምጥሟል። ደርሰው ትንፋሻቸውን ሳይሰበስቡ ጀመሩ።

«ጋሪ መጥቶ ሲቆም አየሁ። ዕቃው አይወርድ፣ ሰው አይገባ። ከማዶ ሆኜ ዓይኔ እስኪፈስ አያለሁ። ምን ሆናችሁ?»

አባ ወልዴ ነገሯቸው። አማቴ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «የከተማ ልጅ» ብቻ አሉ። መቼም ያቺን አይተዋትም። ከዚያ በበትራቸው ወደ ማዶ አመለከቱ። «ከቤቴ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ አይታችሁታል? ድንጋይ አለው?»

«ንጹሕ ነው» አሉ አያ ታከለ።

«ንጹሕ ነው። ልጄ ካገባ ጀምሮ ድንጋዩን እየለቀምኩ አጥር ሥር እከምራለሁ። ጎመን እንኳ አልተከልኩበትም። ለማን መስሏችኋል?»

እኔ ያንን ቦታ ስንቴ አይቼዋለሁ። ሰነፍ ሆነው ያሳደሩት መሬት ነበር የሚመስለኝ። ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። «ተነሺ ተነሺ፤ ገና ቤቱ አልመጣ» አሉኝ።

አባ ወልዴ ሥርዓቱን አወጡ። «ነገ ሚካኤል ነው። ሰው ሁሉ ከቅዳሴ በኋላ እርሻ የለበትም። በበዓል ለራስ አይሠራም፤ ለተቸገረ መሸከም ግን ጽድቅ ነው፤ እኔው ቤተ ክርስቲያን ላይ እናገራለሁ። መሬት ግን በሚካኤል አትቆፈርም። የሚቆፈር ካለ ዛሬ ፀሐይ ሳትገባ ይቆፈር።»

እንግዲህ ሩጫ ነው። የቤቱ ቋሚዎች ከሥራቸው ተቆፍረው መፈታት አለባቸው፤ ማዶ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቋሚ ጉድጓድ መዘጋጀት አለበት፤ ልኩ በጣት ስፋት ከሳተ ቤቱ አይገባም። አያ ታከለ ገመድ ዘረጉ። ከቋሚ እስከ ቋሚ እየለኩ ቋጠሮ ያስራሉ። ቀሚስ ስለካ እኔም የማደርገው ያንኑ ስለሆነ ገመዱን ይዤ ከማዶ እኔ ነኝ ያነበብኩት። አማቴ ከኋላዬ ቆመው «ጠብቂው፤ ላልቷል» ይላሉ። ላልቶም ነበር።

በለጠና ጓደኞቹ ከወዲያ ጭቃውን ያራግፋሉ፣ እኛ ከወዲህ እንቆፍራለን። ጎረቤቱ እየሰማ ዶማና አካፋ ይዞ መጣ። መዳፌ ውሃ ቋጠረ። ልጆቹ አፈሩን በሳፋ ያነሣሉ፤ ማኅደር የምታነሣውን መልሳ ጉድጓዱ ውስጥ ትደፋዋለች።

ከሰዓት በኋላ አዱኛ ከወገዳ ደረሰ፤ ከነአቧራው፣ ከነቦርሳው። ሚስቱን ጉድጓድ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ አገኛት።

«ጠይቄሽ አልነበር እንዴ፣ የት ልታቆሚው አሰብሽ ብዬ?»

«የስፌት መኪናዬን ነበር የመሰለኝ።»

ትንሽ አሰበ። ከዚያ መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ። በአካፋ አፈር ረጨሁበት። «መስኮቱ ሥር» ይላል፣ ይስቃል። ሳቁ ሲያልቅለት ሸሚዙን አወለቀና አካፋውን ተቀበለኝ። ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔም ሳቅሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ ደረቴ ላይ የነበረው ነገር ያኔ ነው የላላልኝ።

ፀሐይዋ ተራራው ላይ ስትቀመጥ አንድ ጉድጓድ ቀረ። ዶማው ቋጥኝ መታ። አማቴ መጥተው አዩና «አውቃታለሁ፤ እኔን ያሸነፈችኝ እሷ ናት» አሉ። ጉድጓዱ ፈቀቅ አይልም፤ ቋሚው የሚያርፈው እዚያው ነው። አባ ወልዴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ቆመው ፀሐይዋን ያያሉ። አዱኛና በለጠ ዲጂኖውን አስገብተው ተንጠለጠሉበት፤ አያ ታከለም ተጨመሩ። ድንጋይዋ ነቃነቅ አለች፤ ከዚያ እንደ ጥርስ ወጣች። አባ ወልዴ «አሁን ሄደች» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ፀሐይዋን ይሁን ድንጋይዋን እስካሁን አልጠየቅኋቸውም።

አማቴ ቤት አድረን በማግስቱ ቅዳሴ እንደወጣ ከዳገቱ ላይ ሆኜ መንገዱን አየሁ። ነጭ በነጭ ነው። የበዓል ልብሱን እንደለበሰ ሰው ይመጣል። የማላውቀው ሰው ይበዛል። ቀሚስ የሰፋሁላቸው ሴቶች አሉ፤ የሙሽራው ሚዜዎች አሉ። ሌላው ቀርቶ የቀድሞው አከራዬ መጥተዋል። «ልጆችሽ ግቢውን ለቀው ከወጡ ጀምሮ ጆሮዬ ጭው ብሏል» አሉኝ። ይቅርታ ይሁን ስድብ አልለየሁትም፤ ግን አጣናውን በትከሻቸው ተቀበሉ።

ቤቱ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ቆሟል። ግድግዳው ማገር ነው፤ ከወዲህ ወዲያ ያሳያል። በውስጥም በውጭም ረጃጅም አጣና ታስሮበታል። ወንዶቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ገቡ። አያ ታከለ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ወጡ።

«በሚካኤል ስም፣ ያዝ።»

ያዙ።

«አንሣ።»

ቋሚዎቹ ሲጥጥ አሉ። ቆርቆሮው ተንቀጫቀጨ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ሁለተኛ «አንሣ» ሲሉ ቤቴ ከመሬት ተነሣች። ሴቶቹ እልል አሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ ያንን ቀን በዓይኔ አየሁት።

ቁልቁለቱን ቀስ እያሉ ወረዱ። ከፊት ያሉት ክብደቱ እንዳይወድቅባቸው ወደ ኋላ ይገፋሉ፤ ከኋላ ያሉት በገመድ ይጎትታሉ። የሸሚዛቸው ጀርባ በላብ ረጥቧል። ጅረቱ ጋ ሲደርሱ ውሃው ትንሽ ነው፤ ድንጋዩ ግን ያንሸራትታል። መሐል ሲገቡ ነው ቤዛ ቀሚሴን የጎተተችኝ።

«እማ፣ ማኅደርስ?»

ዞር አልኩ። ናትናኤል አለ። ማኅደር የለችም። ሴቶቹን ጠየቅሁ፤ አላየናትም። ከኋላችን መንገዱ ባዶ ነው። ያኔ ነው በማገሩ መሐል፣ ከወንዶቹ እግር ውስጥ፣ ቀይ ሹራቧ የታየኝ። ልጄ ቤቱ ውስጥ ናት። ቤቱ ሲሄድ እሷም አብራ ትሄዳለች።

«ልጅ አለች። ውስጥ ልጅ አለች» ብዬ ጮህኩ።

ቤቱ ባለበት ቆመ። አያ ታከለ ግራ ቀኙን አዩ። ጅረቱ መሐል ማውረድ አይቻልም፤ ከወረደ ቋሚው ድንጋይ ላይ አርፎ ይሰነጠቃል። የያዙት ሰዎች ጉልበት ይንቀጠቀጣል። አንዱ ቢያዳልጠው ሁሉ ነገር እሷ ላይ ነው።

«ማንም አይነቃነቅ» አሉ አያ ታከለ በዝግታ። «አዱኛ፣ የያዝከውን ለበለጠ ስጥና በበሩ ግባ።»

አዱኛ ተጎንብሶ ገባ። እኔም አልቻልኩም፤ ቀሚሴን ሰብስቤ ውሃው ውስጥ ገባሁና ተከተልኩት። ማኅደር መሐሉን ምሰሶ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። አትፈራም፤ እንዲያውም ኩራት ኩራት ብሏታል።

«ምን ትሠሪያለሽ?» አላት አባቷ።

«ቤታችንን ይዣለሁ» አለችው።

አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረጋት። ከውጭ አባ ወልዴ ይህን ሰምተው «ስሟ ማኅደር አይደል? ማኅደር ከማኅደሯ እንዴት ትወጣለች? ተዉአት፤ አብረው ይግቡ» አሉ። ሰው ሁሉ ከነሸክሙ ሳቀ። «ያዝ» አሉ አያ ታከለ። ቤቱ ተንቀሳቀሰ። እኛ ሦስታችን ከጣሪያችን በታች፣ ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ላይ እየፈሰሰ፣ ቤታችን ስትሄድ አብረን ሄድን። በማገሩ መሐል የተሸካሚዎቹ ፊት ይታየኛል። በጥርሳቸው ነክሰው ነበር የያዙት። ከጣሪያው በታች ሆኜ አለቀስኩ፤ የማስመስልበት ምክንያት አልነበረኝም።

ዳገቱን ወጡ። ቋሚዎቹ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርሱ አያ ታከለ እጃቸውን አነሡ። «አውርድ፣ ቀስ፣ ቀስ።» አንዱ ቀድሞ ገባ። ሌሎቹም ተከታትለው ገቡ። ቤቴ ቆመች። ቆርቆሮዋ አንዴ ተንቀጫቅጮ ዝም አለ።

ሰው ሁሉ ጠላ እየጠጣ ሲያርፍ አያ ታከለ ብቻቸውን ቤቱን ዞሩት። ከዚያ በበሩ መጡ። በሩ የሳቸው ነበር፤ ልጆቻቸው የተወለዱበት። ባርኔጣቸውን አወለቁና ደፉ ላይ ቆመው እንደ እንግዳ ሰው «ቤት ለእንቦሳ» አሉኝ።

«እንቦሳ እሰሩ፤ ይግቡ አያ ታከለ» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው ገቡና ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። ከሁለት እሑድ በኋላ ቤቱ በተነሣበት ባዶ ቦታቸው የሰርጉ ዳስ ተጣለ፤ የሙሽራዋን ቀሚስ እኔ ሰፋሁላት። ክሩ አይታይም።

ቤቱ ከቆመበት ማግስት ጀምሮ ጭቃው ተረገጠ፤ ምርጊቱን ከአማቴና ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሠራነው። አማቴ እኔ የለቀለቅሁትን ቦታ እየተከተሉ ድጋሚ ይለቀልቁታል። እኔም እየሳቅሁ ዝም እላለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቤት ለመግዛት የምትዞሩ ሁሉ፣ የሻጩን ቃል በሻጩ አገር ትርጉም ጠይቁ። ይሄ ምክር ነው። ምክሩን ግን እኔ ራሴ አላምንበትም። ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ቤቱን አልገዛውም ነበር፤ ያንን ሁሉ ትከሻም አላየውም ነበር። ደብረ ታቦር ስሄድ ሰው «አሁን የት ነው የምትኖሩት?» ይለኛል። ድሮ «አዱኛ አገር» እል ነበር። አሁን «አገሬ» እላለሁ፤ ሳላስበው ነው የሚወጣው። ስሙን እንኳ የማያውቅ ሰው ጣሪያውን ተሸክሞ ካሻገረለት በኋላ ሰው እንዴት «የሰው አገር» ይላል? አንድ ነገር ሲቸግረኝም እንደ ድሮው ብቻዬን አፌን ይዤ አልቀመጥም። እጠይቃለሁ፣ እጮሃለሁ፣ ሰውም ይመጣል።

ሰኔ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ዶፍ ወረደ። ልጆቹ ቤት ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ይሯሯጣሉ፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ስለሚጮህ ማንም ማንንም አይሰማም። እኔ መስኮቱ ሥር መኪናዬ ላይ ነኝ። ጣሪያውን በየጥጉ አየሁት፤ አንዲት ጠብታ የለም። በሩ ተንኳኳ። እማማ ዘውዲቱ ናቸው፤ ከላይ እስከ ታች በስብሰዋል።

«ቤቴ እያፈሰሰ ነው» አሉ።

አስገባኋቸው። ጋቢ አለበስኳቸው። ማኅደር ጭናቸው ላይ ወጣች። አማቴ ቀና ብለው ቆርቆሮውን አዩ፤ ወራጁን አዩ፤ ምርጊቱን አዩ፤ እሳቸው ያልደረሱበትን፣ የኔን እጅ ብቻ ያለበትን ጥግም አዩ። የሚሉትን ጠበቅሁ።

«ጥሩ ቤት ገዝተሻል» አሉኝ።